በሐሩር አገር ጎተራው ሰው ነው

ባለፈው ሐሙስ አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ከዋናው መንገድ ዳር ካለ አንድ ምግብ ቤት ምሳ ልበላ ገባሁ። ከቀኑ ሰባት ተኩል ገደማ ነው። ውጭው እሳት ነው። ከጅቡቲ የሚመጡና ወደ ጅቡቲ የሚወርዱ ከባድ መኪኖች ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። ቤቱን የፍየል ጥብስ ሽታና የቃሪያ ጭስ ሞልቶታል። ከፊት ለፊቴ አራት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። አብረው እንደመጡ ያስታውቃሉ፤ የሚበሉት ግን ለየብቻ ነው። እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ሳህን ይዘው፣ በግራ እጃቸው የራሳቸውን ስልክ እየነካኩ ይጎርሳሉ።

የሊስትሮ ሣጥን ያንጠለጠለ፣ ዕድሜው ከአሥር ዓመት የማይዘል ልጅ መጥቶ አጠገባቸው ቆመ። ጫማቸውን ያያል፤ ሳህናቸውንም ያያል። ከአራቱ አንዱ ቀና ሳይል «እንብላ» አለው። ልጁም ወዲያው «ይባረክ» ብሎ መለሰ። ሰውየው መብላቱን ቀጠለ፤ ልጁም እንደቆመ ቀረ።

ማንም ማንንም አልሰደበም። ሰውየው እናቱ ያስተማረችውን ቃል ተናግሯል። ልጁም እናቱ ያስተማረችውን መልስ ሰጥቷል። ሁለቱም በጨዋ ደንብ የታነጹ ናቸው። ታዲያ ነገሩ ሁሉ እንደ ደንቡ ከሆነ፣ አንዱ በልቶ ሌላው ቆሞ የቀረው ለምንድን ነው?

ከጥግ በኩል ሽርጥ ያገለደሙ አንድ የአፋር ሽማግሌ ከአንድ ወጣት ጋር ተቀምጠው ነበር። መካከላቸው ሩዝ በፍየል ሥጋ የተደረገበት ሰፊ ትሪ አለ። ሽማግሌው ልጁን አስተዋሉትና ስሙን ጠየቁት። ነገራቸው። ከዚያ «እንብላ» አላሉትም። ባዶ የነበረውን ወንበር በእግራቸው ገፋ አደረጉና «ና» አሉት፤ በእጃቸውም የመታጠቢያውን ውኃ አሳዩት። ልጁ ሣጥኑን አስቀምጦ፣ እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። በመጀመሪያ ከዳር ከዳር ነበር የሚያነሳው፤ ኋላ ግን ሽማግሌው ሥጋውን ወደ እሱ ገፉለት። ከጠገበ በኋላ ነው ወሬ የጠየቁት፤ አገሩ የት እንደሆነ፣ ዝናብ ዘንቦ እንደሆነ፣ ከብቱ እንዴት እንደሰነበተ። ከከሚሴ አካባቢ እንደመጣ እኔም ያን ጊዜ ሰማሁ። አራቱ ሰዎች ከእኔ ይልቅ ለልጁ ቅርብ ነበሩ። ከየት እንደመጣ ግን ሳያውቁ ሂሳብ ከፍለው ወጡ።

እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ከሽማግሌው በፊት ልጁን አይቼው ነበር። ያዘዝኩት ሽሮ ከፊቴ ነበር። እኔም አልጠራሁትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ «እንብላ» የሚለው ቃል ከአእምሮዬ አልወጣም። አባቶቻችን ለአላፊ አግዳሚው «ብላ» አላሉም፤ «እንብላ» ነው ያሉት። ቃሉ ተናጋሪውንና ተጋባዡን አንድ ላይ አስሮ ነው የተፈጠረው። «ብላ» ቢሆን ሰጪና ተቀባይ ይኖር ነበር። «እንብላ» ሲሆን ግን ገበታው የሁለቱ ነው፤ ማንም ለማኝ፣ ማንም መጽዋች አይሆንም። ይህን የመሰለ ቃል እንዴት ከሰላምታ በታች አወረድነው? ዛሬ ብዙዎቻችን «እንብላ» የምንለው «ይባረክ» እንደምንባል ስለምናውቅ ነው። ተጋባዡ እሺ ብሎ ቢቀመጥ የምንደነግጥ ስንቶቻችን ነን?

ነገሩ በሌላ ከተማም ይደርሳል ይባል ይሆናል። እውነት ነው። በዚህ መንገድ ላይ ግን ክብደቱ ሌላ ነው፤ እስቲ ምክንያቱን ላስረዳ።

ከአዋሽ ተነስቶ በአሚባራ፣ በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ሎጊያና ሰመራ የሚደርሰው መንገድ የኢትዮጵያን አብዛኛውን የወጪና የገቢ ዕቃ የሚያመላልስ መንገድ ነው። አገሩ ደግሞ ሐሩር ነው። ሰመራ ላይ በሰኔና በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ማለፉ ለማንም አያስደንቅም። እንዲህ ባለ ስፍራ ምግብ አያድርም። ጠዋት የተሠራ ሽሮ ማታ ይኮመጥጣል፤ መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ ማቀዝቀዣውም ቁም ሣጥን ነው። ደጋ ላይ እህል በጎተራ ይከርማል፤ የተረፈ ወጥም ለነገ ይቀመጣል። ቆላ ላይ ግን የታረደ ፍየል ማደሪያ የለውም። ቋንጣ ከሚሆነው ጥቂት በስተቀር ሥጋው በዕለቱ መበላት አለበት። ባለቤቱ ምን ያድርግ? ጎረቤቱን ይጠራል። ነገ ጎረቤቱ ሲያርድ እሱም ይጠራል። ስለዚህ የዛሬው ሥጋ የሚቀመጠው በጎረቤት ሆድ ውስጥ ነው ማለት ነው። ነገ ከዚያው ይወጣል። በሐሩር አገር ጎተራው ሰው ነው የምለው ለዚህ ነው።

የአፋር አርብቶ አደር ይህን ከማንም በፊት አውቆታል። በበረሃው የመጣ እንግዳ በጭስ በታጠነ ዕቃ ወተት ይቀርብለታል፤ ከየት እንደመጣ፣ በመንገዱ ምን እንዳየ፣ የት ዝናብ እንደጣለ ይጠየቃል። ዳጉ የሚባለው ታላቅ የወሬ መለዋወጥ ሥርዓት ሰውን አስቀምጦ በማነጋገር የቆመ ነው። ዝናብ የዘነበበትን ስፍራ የሚነግርህ ትናንት ወተት ያጠጣኸው መንገደኛ ነው። ወተት በአፋር ዘንድ የሚሰጥ እንጂ የሚሸጥ አልነበረም፤ ወተት መሸጥ እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። ዛሬ በመንገዱ ዳር የግመል ወተት በጀሪካንና በላስቲክ ጠርሙስ ይዘው የሚሸጡ እናቶች እናያለን። እነሱን የሚወቅስ ልብ የለኝም። ፕሮሶፒስ የሚሉት እሾሃማ ዛፍ በአሚባራና በገዋኔ የግጦሹን መሬት ውጦታል፤ ድርቅም ተመላልሷል። ልጅ ለማሳደግ ጥሬ ገንዘብ ያስፈልጋል። ግን ወተቱ በሊትር መለካት ሲጀምር መንገደኛውና የወተቱ ባለቤት የሚተያዩበት ዓይን መለወጡን መካድ አይቻልም።

አዋሽ ከተማ ራሷ የተወለደችው በባቡር ጣቢያና በምግብ ነው ብል አላጋነንኩም። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ አዋሽ መንገደኛ ወርዶ የሚበላባት ጣቢያ ሆና ነበር፤ ከጣቢያው አጠገብ ያለው ቡፌም እስከ ዛሬ አለ። እኛ ልጆች ሆነን በሦስተኛ ማዕረግ ስንሄድ ቡፌው ለእኛ አልነበረም። ለእኛ የነበረው በፉርጎው ውስጥ የሚፈታው ስንቅ ነው። አንዷ እናት ዳቦ ስታወጣ፣ ሌላው ቆሎ፣ ከድሬዳዋ የሚመጣው ደግሞ ብርቱካን ያወጣል። ለብቻው የሚበላ ሰው ካለ ታሟል ተብሎ ይጠየቅ ነበር። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ፈጣንና ንጹሕ ነው፤ እሰየው። የዚያን ፉርጎ ገበታ ግን የትም አላገኘሁትም።

ታዲያ ምን አገኘን? እኔ የማየው ሦስት ነገር ነው። አንደኛው ኑሮ ነው። የጥብስ ዋጋ እንዲህ በናረበት ዘመን ሰው ለራሱ ያዘዘው እንዳያንሰው ቢፈራ አይፈረድበትም። ሁለተኛው በመጋቢት 2012 ዓ.ም. አገራችን የገባው ኮሮና ነው። ጉርሻን አስቁሞ ሳህናችንን ለያየው። ያን ጊዜ ትክክል ነበር፤ በሽታው ሲያልፍ ግን ለየብቻ መብላቱ ልማድ ሆኖብን ቀረ። ሦስተኛው ትንሽ ይመስላል፤ ስልኩ ነው። ዓይኑ ስልክ ላይ የተተከለ ሰው አጠገቡ የቆመውን ልጅ እንዴት ያያል? ሽማግሌው ልጁን የጠሩት ከእኛ በላይ ሀብታም ስለሆኑ አይደለም። ስላዩት ነው።

ደግሞ የከፋው መቆጠባችን እንኳ አይደለም፤ ቆጥበን መድፋታችን ነው። በዚያው ቀን ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ በጓሮ በኩል ስወጣ አስተናጋጇ ከየጠረጴዛው የሰበሰበችውን እንጀራና ሩዝ የሳሙና ውኃ ካለበት ባልዲ ስትገለብጥ አየሁ። ግማሹ እጅ ያልነካው ነበር። «ለማን ልስጠው? ማታ ድረስ አይቆይም፤ ልጆቹም ሲሰበሰቡ ደንበኛ ይሸሻል» አለችኝ። እሷም ችግር አለባት። ግን ነገሩን ልብ በሉት። ያ ምግብ ከአንድ ሰዓት በፊት የሰው ገበታ ነበር፤ ያን ጊዜ ልጁ አጠገቡ ቆሞ ነበር። አሁን የውሻ እንኳ አይደለም። ደግ ሰው ቢገኝ ደግሞ ትራፊውን በፌስታል ጠቅልሎ በመስኮት ያቀብላል። መስጠት ከመንፈግ ይሻላል። ሆኖም በፌስታል የተወረወረ ምግብና ወንበር ስቦ የቀረበ ምግብ ሆድ ውስጥ አንድ ቢሆኑም፣ ልብ ውስጥ አንድ ናቸውን?

ይህን ስጽፍ ጨለማውን ብቻ ማውራት ግፍ ይሆናል። መልካሙንም አይቻለሁና።

ሰመራ ብዙው ነዋሪዋ ከሌላ ስፍራ በሥራ የመጣባት ከተማ ናት። እናቱ፣ ሚስቱ፣ ጎረቤቱ ሌላ ቦታ የሆነ የመንግሥት ሠራተኛ ብዙ ነው። እነዚህ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው፣ ወጥ ሠሪ ቀጥረው በአንድ ቤት ይመገባሉ። ሜስ ይሉታል። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን የካቲት 22 ነበር የገባው፤ አምስት ቀን ቢለያዩ ነው። በዚያ ሰሞን ለሥራ ሰመራ ሄጄ አንድ ወዳጄ ሜሳቸው ጋበዘኝ። አምስት ናቸው፤ ሁለቱ ሙስሊሞች፣ ሦስቱ ክርስቲያኖች። በምስር የተሞላ ሳምቡሳ፣ ቴምር፣ ሽሮና ሩዝ በአትክልት ቀርቧል። የአዛኑ ድምፅ እስኪሰማ ሁሉም ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ጾሙን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊፈታ ይችል የነበረው ከሦስቱ ክርስቲያኖች አንዱ፣ የጎንደሩ ልጅም አብሮ ይጠብቃል። ለምን እንደቆየ ብጠይቀው «ብቻዬን ከምበላ ሦስት ሰዓት ብቆይ ይሻለኛል» አለኝ። አዛኑ ተሰማ፤ ቴምሩ ዞረ። በአንድ ገበታ ሁለት ጾም ተፈታ።

ያን ገበታ ሳስታውስ ነው የአዋሹ ሽማግሌ ልጁን ስሙን የጠየቁበት ምክንያት የገባኝ። በአገራችን ሥጋ ላይ ሲደረስ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ይለያያሉ፤ ይህ የታወቀ፣ የተከበረም ነው። አባቶቻችን ግን መለያየቱን አብሮ ላለመብላት ሰበብ አላደረጉትም። ሠርግ ሲደግሱ ለሙስሊም እንግዶቻቸው የሙስሊም አራጅ ይጠራሉ፤ ድስቱን ይለያሉ፤ ዳሱን ለብቻ ይጥላሉ። ይህ ሁሉ ድካም ጎረቤት ከድግሱ እንዳይቀር ነው። ሽማግሌውም የልጁን ስም የጠየቁት ሊለዩት አይደለም፤ እንዴት አድርገው እንደሚያበሉት ለማወቅ ነው። የልጁ ስም ሌላ ቢሆን ኖሮ ሽሮ ያዙለት እንደነበር አልጠራጠርም። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ሩዙ፣ ወተቱ ሁላችንን ያገናኘናል። መብላት ለፈለገ ሰው መንገድ አይጠፋም።

ከሰመራ ዝቅ ብላ ሎጊያ አለች። በዚያ መንገድ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ባሕር ተሻግረው የመንና ሳዑዲ ዐረቢያ ለመድረስ በእግራቸው የሚጓዙ ወጣቶችን ያላየ ነዋሪ የለም። ከንፈራቸው ደርቆ፣ እግራቸው አብጦ ያልፋሉ። አንዲት ሻይ ቤት ያላት እህት በሯ ላይ ሁልጊዜ የውኃ ጀሪካንና የዳቦ ሳህን ታስቀምጣለች። ገቢዋ ትንሽ ነው። ለምን ብዬ ስጠይቃት፣ «የኔም ወንድም በዚህ መንገድ ሄዷል፤ አንድ ቦታ አንድ ሰው አብልቶት ይሆናል» አለችኝ። ወንድሟን ያበላውን ሰው አታውቀውም፤ አንድ ቀንም አታገኘውም። ብድሩን ግን በማታውቀው ልጅ ትመልሳለች። ጎተራው ሰው ነው ያልኩት ነገር ከአዋሽ እስከ ባሕር ማዶ ይዘልቃል።

እኛም ብንሆን ይህን ጨርሰን አልረሳነውም። በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም ጀምሮ መሬቱ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ታኅሣሥና ጥር ላይ ሲብስ ከአዋሽ ፈንታሌና ከዱለቻ ወረዳዎች ሕዝብ ቀዬውን ለቅቆ ሄደ። እኛም ቤት ይናድብናል ብለን ውጭ አደርን። በዚያ ሰሞን በግቢያችን አንድ ድስት ነበር የሚጣደው። አንዷ ሽሮ፣ አንዷ ዘይት፣ ሌላዋ ከሰል ታመጣለች። የማን ድስት እንደሆነ የጠየቀ የለም። ስማቸውን የማናውቀው የሰፈር ሰዎች ከእኛ ጋር በልተው አደሩ። መሬቱ ሲረጋ ሁሉም ድስቱን ይዞ ወደየቤቱ ገባ፤ በሩም ተዘጋ። አብሮ ለመብላት የግድ መሬት መንቀጥቀጥ አለበት?

ከኮሮና ወዲህ በበዓል ቀን ማዕድ ማጋራት የተለመደ ሆኗል። ዘይት፣ ዱቄትና ዶሮ ይከፋፈላል። መልካም ሥራ ነው፤ ይቀጥል። ግን በዓል በዓመት ስንት ቀን ነው? ልጁ በአዋሹ ምግብ ቤት የቆመው ተራ ሐሙስ ቀን ነው። ሐሙስ ቀን ካሜራ የለም፤ ሐሙስ ቀን ያለነው እኔና አንተ፣ እኔና አንቺ ብቻ ነን። ደግሞም ሐሙስ ቀን በዚያ ሰዓት ልጁ መሆን የነበረበት ትምህርት ቤት ነበር። የትምህርት ቤት ምገባ በደንብ የሚካሄድበት ቦታ ልጅ በሳጥን ሳይሆን በደብተር ምሳውን እንደሚያገኝ እናውቃለን። ይህ የመንግሥትና የማኅበረሰቡ የጋራ ሥራ ነው፤ ሳንታክት ልንጠይቀው ይገባል። እስከዚያው ግን ልጁ ይራባል።

«ልመናን ማበረታታት ይሆናል» የሚሉ አሉ። ጭንቀታቸው ይገባኛል። ነገር ግን ያ ልጅ አልለመነም፤ እንዲያውም «ይባረክ» ብሏል። ለማኝ የሚያደርገው በመስኮት የሚወረወረው ፌስታል ነው፤ እጁን ታጥቦ ከሰው ጋር የተቀመጠ ልጅ እንግዳ ነው። «ንጽሕናስ?» የሚሉም እውነት አላቸው። በዚህ ሙቀት የተበከለ ምግብ ተቅማጥ ያመጣል፤ ውኃም እንደልብ አይገኝም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የመታጠቢያው ውኃና ሳሙናው ከበሩ ይኑር፤ ለተጋሪው የተለየ ሳህን ቢቀርብም አብሮ መብላት ነው። ዋናው ሳህኑ አይደለም፤ ወንበሩ ነው።

ምግብ ቤት ያላችሁ ወገኖቼ፣ የግማሽ ምግብ ዋጋ በግልጽ ብትጽፉ ብዙ ምግብ ከመደፋት ይድናል። እጅ ያልነካውንም ባልዲ ሳይገባ፣ ትኩስ ሳለ፣ በሰዓቱ በሳህን ብታቀርቡት ያልፈሰሰ በረከት ይሆናል። በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ደግሞ አዲስ ተቀጣሪ ሲመጣ የት እንደሚበላ ጠይቁት። ሰመራ ላይ ለብቻው ሻይና ዳቦ በልቶ የሚተኛ ወጣት ስንት እንደሆነ ብታውቁ ታዝናላችሁ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ? ሜስ የሚያዋጣው ለዚህ ነው፤ አምስት ሰው በየራሱ ከሚያበስል አምስቱ በአንድ ድስት ቢያበስሉ ወጪውም ይቀላል፤ ብቸኝነቱም ይቀላል።

መካፈልን ከወንዛችንም እንማር። የአዋሽ ወንዝ ከጊንጪ አካባቢ ከደጋው ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ባሕር ግን አይደርስም፤ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። በመንገዱ ያለውን ሰው፣ ከብት፣ ማሳ ሁሉ ያጠጣል። እኛ በዚህ ወንዝ ዳር የምንኖር ሰዎች ነን። ወንዙ ለራሱ ብሎ ተቆጥቦ ቢሆን ኖሮ አንዳችንም እዚህ አንገኝም ነበር።

ትናንት ወደዚያው ምግብ ቤት ተመልሼ ሄድኩ። ልጁ በር ላይ ነበር። ሽሮ አዝዤ አጠገቤ ያለውን ወንበር ሳብኩና «ና» አልኩት። «ይባረክ» አለኝ፤ አልተንቀሳቀሰም። ከልማዱ ነው፤ ስንት ጊዜ «እንብላ» ተብሎ ቆሞ እንደቀረ ከዚያች መልሱ ገባኝ። ደግሜ ጠራሁት፤ ሣጥኑን አስቀመጠና እጁን ሊታጠብ ሄደ። ይህ ልጅ ነገ ሹፌር ይሆናል፣ ነጋዴ ይሆናል፣ ምናልባት በሰመራ ቢሮ ይቀመጥ ይሆናል። አጠገቡም ሌላ ልጅ ይቆማል። ያን ጊዜ «እንብላ» ሲል ወንበር ይስባል ወይስ ቀና ሳይል ይጎርሳል? ይህን የሚማረው ዛሬ ከእኛ ነው።